ቡችላ ስንመርጥ ከጠጉሩ በፊት እናቱን እንይ



እንደሚታወቀው በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የምንጽፈው ስለ ውሃ መስመር፣ ስለ ቱቦ መዘጋት፣ ስለ መብራትና ስለ ማታ ጥበቃ ነው። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ቡችላ ነው። «ሌላ ችግር ጠፍቶ ነው ወይ?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን በቅርቡ ወደ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ከመጡት አቤቱታዎች ውስጥ ሦስቱ በቡችላ ምክንያት የመጡ ናቸው። በመጀመሪያው ቤት ልጆች አልቅሰው ያስገዟት ነጭ ቡችላ ገና ሳምንት ሳትሞላ ደም አስቀምጧት ሞተች። ቤተሰቡም ልጆቹን ለማባበል ብሎ ወዲያው ሌላ ገዛ፤ እሷም በዚያው በሽታ ሄደች። በሁለተኛው ደግሞ ጎረቤት ሳይጠየቅ በጋራ ግቢ ውስጥ ቡችላ ገብቶ ሁለት ቤት ተኳርፏል። ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው። ቡችላ የነከሰው ልጅ «የቡችላ ጥርስ ምን ያደርጋል» ተብሎ ሦስት ቀን እቤት ተቀመጠ። ደግነቱ አያቱ ሰምተው ጤና ጣቢያ ወሰዱት እንጂ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነገር በሆነ ነበር።

እኛ ቡችላ አትግዙ አንልም። ግቢያችን ጠቧል፤ ኮንዶሚኒየም የገባውም ብዙ ነው። ትልቅ ውሻ ማሠሪያም መቀለቢያም ያጣ ቤተሰብ ትንሽ ውሻ ቢመኝ አይፈረድበትም። ትንሽ ውሻ በር ሲንኳኳ ይጮሃል፣ ለብቸኛ አዛውንት ጓደኛ ይሆናል፣ ልጅም እንስሳ መንከባከብ ይማርበታል። ድሮ እንዲህ ያለው ነገር የቤተ መንግሥት ወግ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የተባለ ትንሽ ውሻ እንደነበራቸው ትልልቆቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ፑድሉም፣ ማልቲዙም፣ ቺዋዋውም፣ የተደባለቀውም በካርቶን ሆኖ መንገድ ዳር ይሸጣል። ችግሩም ከዚያ ካርቶን ይጀምራል። ገዢው የሚያየው ጠጉሩን ብቻ ነው። ከየት እንደመጣ፣ ስንት ቀን እንደጠባ፣ መርፌ ተወግቶ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ሻጩም ነገ እዚያ ቦታ ላይ ላይገኝ ይችላል።

የጉለሌ ሰው በዚህ ነገር ከሌላው ሠፈር የበለጠ ማወቅ ይገባዋል። ታክሲ ስንጠራ «ፓስተር! ፓስተር!» እንላለን። ስሙ የመጣው ሉዊ ፓስተር ከተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። እሱም እ.ኤ.አ. በ1885፣ በእኛ አቆጣጠር በ1877 ዓ.ም.፣ ዮሴፍ ማይስተር የተባለ ያበደ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ያዳነ ነው። በስሙ የተቋቋመው ተቋም በ1940ዎቹ ዓ.ም. ወደ ሠፈራችን መጣ፤ በኋላም ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። ከሩቅ አገር ድረስ ውሻ የነከሳቸው ሰዎች እየተሳፈሩ የሚመጡት ወደዚህ ነበር። ለብዙ ዘመን የሚሰጠው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ ሆኖ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ነበር፤ ያንን የቀመሰ ሰው ሥቃዩን አይረሳም። አሁን ክንድ ላይ የሚወጋ የተሻለ ዓይነት ስላለ ልጅን ለማስከተብ ሆድ መፍራት አያስፈልግም።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚሆን ሰው እንደሚገድል የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ለሰው የሚተላለፈው ከውሻ ነው፤ ከተነካሾቹም ብዙዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ቡችላ ደግሞ የልጅ መጫወቻ ነው፤ ፊቱን ይልሳል፣ ጣቱን ይነክሳል። ከመሸጡ በፊት ያበደ ውሻ ነክሶት ከሆነ በሽታውን ይዞ ሳምንታትና ወራት ጤነኛ መስሎ ሊቆይ ይችላል። «ገና ቡችላ ነው» የሚለው ንግግር ከሠፈራችን መጥፋት አለበት።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንግባ። መጀመሪያ የሚጠየቀው እናቱ ናት። እናቲቱን ካላሳየ ሻጭ ባትገዙ ይሻላል። የተወለደበት ቤት ሄዳችሁ እናቲቱን ብታዩ ሰው ስታይ የምትደበቅ ወይም የምትናከስ እንደሆነች፣ ቆዳዋ የተላጠ፣ ያለማቋረጥ የምትስል እንደሆነች ይታያችኋል። ትልቅ ሲሆን ምን ያህል እንደሚያድግም የምታውቁት ከእሷ ነው። «ከዚህ አያልፍም፣ ትንሽ ነው የሚቀር» ተብሎ ተገዝቶ በዓመቱ ጥጃ ያከለ ውሻ አይተናል። ልጆቹ ወደዱት፣ ግቢው ግን አልቻለውም።

ቀጥሎ ዕድሜው ነው። ቡችላ ሁለት ወር፣ ማለትም 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ ሊለይ አይገባም። ሻጭ ግን ትንሽ ሲሆን ቶሎ ስለሚሸጥለት የአንድ ወሩን «ሁለት ወር ሞልቶታል» ይላል። ይህን ለማወቅ አፉን ክፈቱ። የወተት ጥርስ ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ ይጀምርና በሁለተኛው ወር 28ቱም ወጥቶ ያልቃል። ከኋላ ያሉት መንጋጋዎች ገና ካልወጡ ጡት አልጠገበም ማለት ነው። የተገላቢጦሽም አለ፤ ወደ አራት ወር ሲጠጋ የፊቶቹ ጥርሶች መለወጥ ይጀምራሉ። ቋሚ ጥርስ አውጥቶ «ሁለት ወሩ ነው» ከተባላችሁ ትታችሁ ሂዱ። በትንንሾቹ ዝርያዎች ላይ የወተት ጥርሱ ሳይወድቅ ቋሚው በጎኑ የሚወጣበት ጊዜ ስላለ ወደ ስድስት ወሩ ላይ ደግማችሁ እዩት።

አፉን እንደከፈታችሁ ድዱን ተመልከቱ። ጤነኛ ድድ ቀላ ያለ ነው፤ በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት ወዲያው ደሙ ይመለሳል። ነጣ ብሎ የገረጣ ከሆነ ትል ወይም ቁንጫ ደሙን ጨርሶታል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ጎድኑ የሚቆጠር ቡችላ «ወፍሯል» ቢሏችሁ አትመኑ፤ የወስፋት ሆድ ነው። ዓይኑና አፍንጫው የሚዝረከረክ፣ ጆሮው የሚሸት፣ ከጭራው ሥር የቆሸሸ ከሆነም ይቅርባችሁ። ከሁሉም ይልቅ መሬት ላይ አውርዱትና ሲሄድ እዩት። ትንንሽ ውሾች የጉልበታቸው ሎሚ ከቦታው የመንሸራተት ጠባይ አለው፤ እንዲህ ያለው ውሻ ሲሮጥ አንዱን የኋላ እግሩን ብድግ አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዘልና ደግሞ ይመለሳል። ሻጩ «እየተጫወተ ነው» ይላል። ቺዋዋ ከሆነ ደግሞ አናቱን በቀስታ ዳብሱ፤ እንደ ሕፃን እርግብግቢት ለስላሳ ቦታ ሊኖረው ይችላልና ልጅ ቢጥለው ወይም በር ቢመታው አደጋ ነው። ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነው እንደ ፔኪኒዝ ያለው ቁጭ ብሎም የሚያንኮራፋ ከሆነ አየር የሚያጥረው ስለሆነ በሩጫ ጊዜ ይዝለፈለፋል። ከጀርባው ሆናችሁ አጨብጭቡ፤ ዞሮ ካላየ ጆሮው ላይሰማ ይችላል። ጥግ ይዞ የሚንቀጠቀጠውንም አዝናችሁለት ልጅ ላለበት ቤት አትውሰዱ፤ ፍርሃት የያዘው ውሻ ነው የሚናከሰው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ፈትሼ መቼ ልገዛ ነው?» የሚል ይኖራል። በግ ስንገዛ እኮ ላቱን እንጨብጣለን፣ ጥርሱን እናያለን፣ ወገቡን እንዳስሳለን። በሁለት ቀን ለምንበላው በግ ያን ያህል ከደከምን ከልጆቻችን ጋር አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ለሚኖረው እንስሳ ግማሽ ሰዓት አይበዛም።

መርፌን በሚመለከት ሻጭ «ተከትቧል» ሲል ካርዱን ጠይቁ። የሐኪሙ ፊርማና ቀን፣ የክትባቱም ስም ያልተጻፈበት ወረቀት ወረቀት ብቻ ነው። ቡችላ ሁለት ዓይነት ክትባት ያስፈልገዋል። አንደኛው ፓርቮና ዲስተምፐር ለሚባሉት በሽታዎች ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ይጀመርና አራት ወር እስኪሞላው ድረስ በየሦስትና አራት ሳምንቱ ይደገማል፤ አንዴ ብቻ ተወግቶ ማቆም ዋጋ የለውም። ከላይ የጠቀስናቸውን ሁለት ቡችሎች የጨረሰው በሽታ ፓርቮ መሆኑን የእንስሳት ሐኪሙ ነግሮናል። ማስታወክና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነው፤ ትንሿን ውሻ በጥቂት ቀን ይጨርሳታል። የፓርቮ ክፋቱ አፈር ውስጥ ዓመት ሊቆይ መቻሉ ነው። ስለዚህ ቡችላ በዚህ በሽታ የሞተበት ግቢ ክትባቱን ያልጨረሰ ሌላ ቡችላ ማስገባት የለበትም። ሲሚንቶውንና ሳህኑን አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጦ ማጠብ ይረዳል፤ አፈሩን ግን ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ጊዜ መስጠት ነው። ይህ በሽታ ወደ ሰው አይተላለፍም።

ሁለተኛው የእብድ ውሻ ክትባት ነው። ሦስት ወር ሲሞላው ይወጋል፣ በዓመቱ ይደገማል፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚለው ጊዜ ይቀጥላል። ይህ የባለቤቱ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ያልተከተበ ውሻ ያለው ቤት የጎረቤቱን ልጅ ሳያስፈቅድ በአደጋ ላይ ጥሏል ብለን እናምናለን፤ የሚቀየመን ቢኖርም ይቀየመን።

ውሻ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከነከሰ ወይም ከቧጠጠ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። ቡና፣ በርበሬ፣ ቅጠል አታድርጉበት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፣ መርፌው ግን እንዳይቀር። ውሻውን በንዴት ገድላችሁ አትጣሉት፤ አሥራችሁ 10 ቀን ተመልከቱት። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ጤነኛ ከሆነ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ይህን ስንል ግን ልጁ 10 ቀን ይጠብቅ ማለታችን አይደለም፤ ክትባቱ ይጀመር፣ ማቆሙን ሐኪም ይወስን። ውሻው ከሞተ ሳትቀብሩት ለጤና ጣቢያ ተናገሩ፤ አንጎሉ በላቦራቶሪ ይመረመራልና።

ቡችላው ከገባ በኋላ ያለው ኑሮም የምርጫው ክፍል ነው፤ ቤታችን ለእሱ ይስማማል ወይ ብለን አስቀድመን መጠየቅ አለብን። ሠፈራችን የእንጦጦ ግርጌ ነው፤ የሐምሌና የኅዳር ሌሊት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አይነገርም። ሁለት ኪሎ የማትሞላ ውሻ በረንዳ ላይ አታድርም። ጅብም ከተራራው እየወረደ ውሻ እንደሚወስድ ይታወቃል። ስለዚህ ትንሽ ውሻ ማለት ቤት ውስጥ የሚያድር ውሻ ማለት ነው፤ ይህን ያልተቀበለ ሰው አይግዛ።

ምግቡ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እኛ ውሻ የምናውቀው ትራፊ በልቶ ሲኖር ነው። በትራፊው ውስጥ ያለው ሽንኩርት ግን ለውሻ መርዝ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ደሙን ያበላሻል። 30 ኪሎ የሚመዝነው የዘበኛ ውሻ ወጥ ልሶ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለሁለት ኪሎዋ ግን አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ይበቃታል። በዶሮ ወጥ ውስጥ ስንት ሽንኩርት እንደሚገባ እመቤቶች ታውቃላችሁ። ነጭ ሽንኩርትም፣ ቸኮላታም እንደዚያው ነው። የዶሮ አጥንት ተሰብሮ አንጀት ይወጋል። በጾም ወራት ደግሞ ቤቱ ሽሮና ጎመን ስለሚሆን ቡችላዋም አብራ ትጾማለች። ይህ ደግ አይደለም። ለእሷ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ሩዝ በትንሽ ሥጋ ለይታችሁ አዘጋጁ። በጣም ትንንሾቹ ቡችሎች ሆዳቸው ባዶ ሲቆይ ስኳራቸው ወርዶ ይዝለፈለፋሉ፤ እስከ አራት ወር ድረስ በቀን አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይሰጣቸው። ስትንቀጠቀጥና ስትልፈሰፈስ ካያችሁ ድዷ ላይ ማር ቀብታችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

የበዓል እርድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። በግ ስናርድ አንዳንድ ጊዜ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት እናገኛለን። «ይሄ ለውሻ» ብለን እንወረውራለን። ከዚያ ከረጢት ውስጥ በውሻው አንጀት ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ትል ይፈላል። ዕንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ጠጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ያቀፈው ልጅ ሳይታጠብ ሲበላ ይውጠዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ያው ከረጢት በሰው ጉበት ላይ ይገኛል፤ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው። ከረጢት ያለበትን ሥጋ ማቃጠል ወይም ውሻ በማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር እንጂ ለቡችላ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። የትል መድኃኒት ቡችላ ከሁለት ሳምንቱ ጀምሮ እስከ ሦስት ወሩ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጠዋል፤ ለዚህ ከረጢት ትል ግን መድኃኒቱ የተለየ ስለሆነ ሐኪሙን ጠይቁት።

የጋራ ግቢ ላላችሁ አንድ ነገር እንለምናለን። ቡችላ ከማምጣታችሁ በፊት የግቢውን ሰዎች ጠይቁ። ለጸሎት ታጥቦ የሚቆም ሙስሊም ጎረቤት የውሻ ምራቅ እንዳይነካው ይጠነቀቃል። አስም ያለበት ሕፃን ይኖራል፤ ውሻ የሚፈሩ እናት ይኖራሉ። ቀድሞ የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ «ግድ የለም» ይላል። የተኳረፉት ሁለት ቤቶችም ሲታረቁ የተናገሩት ይህንኑ ነው፤ «ብንጠየቅ ኖሮ እሺ ባልን ነበር።»

ሴት ቡችላ ርካሽ ናት ብለው ወስደው ስታረግዝ ልጆቿን በማዳበሪያ አድርገው ገንዳ ሥር የሚጥሉም አሉ። የሠፈራችን የመንገድ ውሾች ከሰማይ አልወረዱም፤ ከየቤታችን የወጡ ናቸው። በከተማችን በየጊዜው ሥጋ ላይ መርዝ እየተደረገ ውሻ ሲገደል ኖሯል፤ ውሾቹ ግን አላለቁም፤ የሚጥላቸው ሰው ስላላለቀ። ሴት ውሻ የምትፈልጉ የማምከኛውን ወጪ አስቀድማችሁ አስቡ። ወንዱም ቢሆን ሊመክን ይችላል።

የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ በዚህ ጉዳይ ተነጋግሮ የውሻ መዝገብ ከፍቷል። የሚከፈልበት ገንዘብ የለም። የተፈለገበት ምክንያት የእብድ ውሻ ክትባት ለብዙ ውሾች በሚበቃ ብልቃጥም ስለሚመጣ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሐኪም ቤት ድረስ ከሚጠራ አሥር ቤት ተሰብስቦ በአንድ ቀን ቢያስከትብ የሐኪሙም ወጪ ይከፋፈላል። በየዓመቱ ሴፕቴምበር 28 ቀን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን ሆኖ በዓለም ይታሰባል፤ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1895 ያረፈበት ቀን ነው። ለእኛ አብዛኛውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ይውላል። በዚያ ቀን ሁሉም ሰው እቤቱ ስለሚገኝ የጋራ ክትባቱን በየዓመቱ ያን ጊዜ ለማድረግ አስበናል። ዓመቱ እስኪደርስ ሦስት ወር የሞላው ቡችላ ያለው ግን መጠበቅ የለበትም፤ አምስት ስድስት ቤት ከተገኘ ሐኪሙን እናስመጣለን።

ምዝገባው ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጽሕፈት ቤታችን ነው። ቡችላውን ይዛችሁ መምጣት አያስፈልግም፤ የቤት ቁጥራችሁን፣ የቡችላውን ዕድሜና ከየት እንደተገኘ ንገሩን። ካርድ ያለው ካርዱን ያምጣ። ገና ሊገዛ ያሰበም ካለ ይምጣ፤ እናቲቱን ሄዶ የሚያይለት ውሻ የሚያውቅ ሰው ከመካከላችን እንሰጠዋለን።